ዓሣው ለምን ይፈረካከሳል?

ጥያቄ፦ የምገዛው የቆሮሶ ፊሌቶ መጥበሻ ላይ ይፈረካከሳል፣ ጭቃ ጭቃም ይሸታል። ሽታው እንዲለቅ በሎሚ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። ምን ይሻላል? (ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ ማሳደሩን ይተዉት። ሎሚ ሲያድርበት ሥጋው ልክ እሳት እንዳገኘው ይነጣል፣ ውኃውን ይተፋል፤ ከዚያ ቢፈረካከስ አይገርምም። ለግማሽ ኪሎ የ1 ሎሚ ጭማቂ፣ ለ10 ደቂቃ ብቻ። ሽታውን ያመጣው ጂኦስሚን የሚባል ውህድ ነው፤ ውኃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያመነጩታል፣ በዓሣው ስብ ውስጥ ይከማቻል። ሎሚ ያዳክመዋል እንጂ አያጠፋውም። ዋናው ሥራ የቢላዋ ነው፦ ቆዳውን ይግፈፉ፣ በፊሌቶው መሃል የተጋደመውን ጠቆር ያለ ቀይ ሥጋ ቆርጠው ያውጡ።

ከዚያ ያለቅልቁትና በንጹሕ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያድርቁት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። እርጥብ ዓሣ ዘይቱን ያቀዘቅዛል፣ ከመጥበሻው ይጣበቃል፣ ሲገለብጡት ይበተናል። 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው፣ ሊጠብሱ ሲሉ ብቻ በ3 የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ያገላብጡት፤ ዱቄቱ ከቆየ ሊጥ ይሆናል። የእንጨት ማንኪያ ጫፍ ዘይቱ ውስጥ ሲገባ ዙሪያውን አረፋ ካወጣ ደርሷል። 3 ደቂቃ ሳይነኩት ይቆዩ፤ ቅርፊት ሲይዝ ራሱ ይለቃል። ሌላው ጎን 2 ደቂቃ ይበቃዋል።

ጥያቄ፦ ሙሉ ዓሣ ልግዛ ወይስ ፊሌቶ? (ከፒያሳ)

መልስ፦ ሙሉውን። ከ1 ኪሎ ቆሮሶ የሚወጣው ፊሌቶ ከ300 እስከ 350 ግራም ነው፤ የፊሌቶው ዋጋ ከሙሉው ሦስት እጥፍ ካለፈ ትርፉ የሻጩ ነው። ደግሞም ከዝዋይ ወይም ከአርባ ምንጭ በመኪና የመጣ ዓሣ ስንት ቀን እንደቆየ ፊሌቶ አይናገርም። የሙሉውን ጉንጭ ገለጥ ያድርጉ፤ ስንጥቡ (ዓሣው የሚተነፍስበት) ደማቅ ቀይ ካልሆነ፣ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ፣ ይለፉት። ሲያርዱ ሐሞቱን እንዳያፈነዱ፤ ሥጋውን ያመርረዋል። ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ነው (ስንጥቡን ያውጡ)፤ በለሰለሰ እሳት 30 ደቂቃ። ድንች ካለበት እሱ ይቅደም፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ የሚፈላው ገና 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ ድንቹ ይዘገያል።

ጥያቄ፦ ቆሮሶ እንደ ሳልሞን ኦሜጋ 3 አለው? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ኦሜጋ 3 የሚባለው ጠቃሚ ስብ ቆሮሶ ላይ በጣም ያነሰ ነው። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ 100 ግራም ጥሬ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን፣ ከ2 ግራም ያነሰ ስብ፣ ቫይታሚን ቢ12 እና ሴሊኒየም ይሰጣል። ዘይት ያጠጡት ጎላሽ ግን ሌላ ሒሳብ ነው።

ጥያቄ፦ በሎሚና በሚጥሚጣ የተለወሰ ጥሬ ዓሣ ችግር አለው? (ከአራዳ)

መልስ፦ አለው። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዓሦች ሆድ ውስጥ ጥገኛ ትሎች ይገኛሉ፤ ሎሚም ሚጥሚጣም አይገድላቸውም። የሚገድላቸው እሳት፣ ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ማቆየት ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ በፍሪጁ አይተማመኑ።