መኪናው ከፍ ሲል ከፍ የሚለው ምኑ ነው?

የአሽከርካሪዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በፈረንጆቹ 2009 የተመረተ፣ 2700 ሲሲ የቤንዚን ሞተር ያለው ቶዮታ ፕራዶ አለኝ። የምኖረው አዳማ ሲሆን ለሥራ በየሳምንቱ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከኢተያ ወጣ ብሎ ወዳለው የቤተሰብ እርሻም ክረምት ከበጋ እሄዳለሁ። በክረምት ትራክተር በሚመላለስበት የመረሬ (ሲረጥብ የሚጣበቅ ጥቁር አፈር) መንገድ ላይ መኪናው ሆዱ እየተቀመጠ ደጋግሞ አስቸግሮኛል። የማሠራበት ጋራዥ 265/65 አር 17 የሆነውን ጎማ በ285/70 አር 17 እንድቀይር፣ ከፊትና ከኋላ ሞላዎች ላይ ስፔሰር (ከፍታ የሚጨምር ማስገቢያ) አስገብቼ መኪናውን በ10 ሳንቲ ሜትር እንዳስነሳ፣ አዲሱ ጎማ ከነካም ፓራፋንጎው እንዲቆረጥ ይመክረኛል። ወጪውን ችዬዋለሁ፤ የምፈራው መኪናው አስፋልት ላይ ጠባዩ እንዳይበላሽ ነው። ምን ይሉኛል? (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ጋራዡ ያቀረበልዎ ሐሳብ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ስለያዘ በቅድሚያ እነርሱን መለየት ያስፈልጋል። ሞላ፣ ስፔሰርም ሆነ ረጅም አሞርዛተር የሚያነሱት የመኪናውን አካልና ሻንሲ ብቻ ነው። የፕራዶ የኋላ አክስል አንድ ወጥ በመሆኑ፣ መሐሉ ላይ የተንጠለጠለው የዲፈረንሻል ቋት (ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍሉት ማርሾች ያሉበት) አካሉ 10 ሳንቲ ሜትር ቢነሳም ከመሬት የሚርቀው በፊት በሚርቀው መጠን ነው። ቋቱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ሲሆን፣ ይህም ቢሆን የሚያገለግለው በግማሹ ነው፤ ጎማው ከአክስሉ በላይም ከአክስሉ በታችም እኩል ስለሚያድግ ለመሬት ርቀት የሚቆጠረው የታችኛው ግማሽ ብቻ ነው። ትራክተር በቆፈረው ቦይ ውስጥ ሲገቡ በመካከል የሚቀረውን የአፈር ጉብታ መጀመሪያ የሚነካው ብዙ ጊዜ ይኸው ቋት በመሆኑ፣ ሆዱ ተቀመጠ የሚባለው መኪና በእርግጥ የተቀመጠው በዲፈረንሻሉ ላይ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ጊዜ መኪናው ከወጣ በኋላ ጎንበስ ብለው ጭቃው የተላጨበትን ቦታ ይመልከቱ፤ የተላጨው ቋቱ ከሆነ ስፔሰር አይረዳዎትም፣ የነዳጅ ታንኩ ወይም የሻንሲው ተሻጋሪ ብረት ከሆነ ግን ይረዳዎታል።

ቁጥሩን እናስላ፤ በ265/65 አር 17 ውስጥ 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። አሁን ያለዎት ጎማ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። 265/70 አር 17 ቢገጥሙ 803 ይሆናል፤ አክስሉም 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይነሳል። ጋራዡ የመከረዎት 285/70 አር 17 ደግሞ 831 ሚሊ ሜትር ሲሆን አክስሉን 27 ሚሊ ሜትር ያነሳዋል። ልዩነቱ በመረሬ ውስጥ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ለዚህች 27 ሚሊ ሜትር የሚከፈለው ዋጋ በጎሚስታው ደረሰኝ ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም።

የመጀመሪያው ዋጋ ጉልበት ነው። የጎማው ቁመት በ7 በመቶ ሲያድግ የመኪናው ማርሾች ሁሉ በዚያው ልክ እንደ ረዘሙ ይቆጠራል፤ ከዚህ በተጨማሪ የጭቃ ወይም የሁሉም መሬት ጎማ በዚህ መጠን ሲመጣ እያንዳንዱ ከነባሩ ከ5 ኪሎ ግራም በላይ ሊከብድ ይችላል። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። አዳማ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናት፣ ወደ አሰላ አቅጣጫ ሲወጡ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ድረስ ይወጣሉ፤ ስለዚህ ሞተርዎ ከፋብሪካው ወረቀት ላይ ከተጻፈለት ጉልበት አንድ አምስተኛውን ያህል ቀድሞውኑ ለአየሩ መቅጠን አስረክቦ የሚሠራ ነው። ከዴራ ወደ ኢተያ በሚወስደው አቀበት ላይ ሰውና ዕቃ ጭነው ሲወጡ የቀረው ጉልበት ለ831 ሚሊ ሜትር ጎማ አይበቃም ማለት አልችልም፤ ካምቢዮው አንድ ማርሽ ወርዶ እየጮኸ እንደሚወጣ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛው የፍጥነት ቆጣሪው ነው። ጎማው ሲተልቅ ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ያሳያል። በፈጣን መንገዱ ላይ 120 እያሳየ በ285/70 ጎማ የሚነዱት ከ128 ኪሎ ሜትር ባላነሰ ፍጥነት፣ በ265/70 ደግሞ በ124 አካባቢ ነው። ከፋብሪካ የሚወጡ ቆጣሪዎች ጥቂት አብዝተው የማሳየት ልማድ ስላላቸው ከዚህ ልዩነት የተወሰነው ይካካሳል፤ ቢሆንም በስልክዎ ጂፒኤስ ለክተው ልዩነቱን ማወቅ ግዴታ ነው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በዚያው ልክ አሳንሶ ስለሚቆጥር፣ ነዳጅ በላብኝ ብለው ሲያሰሉ ከፍጆታው ላይ የሚታየው ጭማሪ በከፊል የቆጣሪው ስሕተት መሆኑን አይርሱ። የዘይት መቀየሪያ ጊዜም በቆጣሪው ከሚታየው ቀድሞ ይደርሳል።

አሁን ወደ 10 ሳንቲ ሜትሩ እንምጣ፤ በዚህ ላይ አቋሜ ለድርድር አይቀርብም። የፕራዶ የፊት ጎማዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በላይና በታች ክንድ የተያዙ ናቸው። አካሉ በተነሳ ቁጥር ክንዶቹ ወደ ታች ይዘቀዘቃሉ፣ ከፊት ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሱት አጫጭር አክስሎችም በሲቪ ጆይንታቸው (እየታጠፈ በሚዞረው መገጣጠሚያቸው) ላይ አለቅጥ ይታጠፋሉ፤ የላስቲክ ሽፋናቸው ተቀዶ ቅባቱ መርጨት ሲጀምር በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። አሞርዛተሩ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ስለሚያልቅ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ከጫፉ ጋር ይጋጫል። ከሞላው አናት ላይ የሚቀመጥ ስፔሰር ደግሞ የተሠራበት ውፍረት ብቻ አይደለም የሚያነሳው፤ አሞርዛተሩ የታሰረው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በታችኛው ክንድ ላይ ስለሆነ፣ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ስፔሰር ጎማው ጋ ሲደርስ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ስፔሰር ሻጩ ስለ የትኛው ልኬት እንደሚናገር ሳይጠይቁ አይግዙ። ለዚህ መኪና ከ40 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ማስነሳት ከበቂ በላይ ነው፤ ያውም በስፔሰር ሳይሆን ለሚጭኑት ክብደት በተመረጠ ሞላ፣ ከእርሱም ጋር እንዲሄድ በተሠራ አሞርዛተር።

ምናልባትም ያን ያህል ማስነሳት አያስፈልግዎትም ይሆናል። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ ሞላ ብዙውን ጊዜ ሰምጧል። መኪናውን ልሙጥ መሬት ላይ አቁመው ከቸርኬው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ድረስ በሜትር ይለኩ፣ በአራቱም ጎማ ያድርጉት፤ የአሽከርካሪው ጎን ከሌላው ዝቅ ብሎ ቢያገኙት አይደንግጡ፣ ለዓመታት ብቻዎን ሲነዱ የተሸከመዎት እርሱ ነው። አዲስ ሞላ ከሚሰጥዎት ከፍታ ውስጥ ከፊሉ የጠፋውን መመለስ ነው።

የኋላውን አክስል ከጎን ወደ ጎን የሚይዘው ዘንግ አንድ ጫፉ በአክስሉ፣ ሌላው በሻንሲው ላይ ስለታሰረ አካሉ ሲነሳ አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። በ50 ሚሊ ሜትር የሚመጣው መዛነፍ በዓይን ባይታይም በተስተካካይ ዘንግ ይቀየራል። የፊቱ ደግሞ ካስተሩ (መሪ ሲዞር ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ወደ ኋላ ያለው ዘመምታ) ስለሚቀንስ መሪው ወደ መሐል መመለስ ይሰንፋል፣ በፈጣን መንገድም መኪናው መንከራተት ይጀምራል። አላይመንት የሚሠራልዎት ባለሙያ የጎማውን አቅጣጫ ብቻ አስተካክሎ ሂሳብ እንዳይጠይቅዎት፤ በታችኛው ክንድ ላይ ያሉትን ማስተካከያ ብሎኖች ፈትቶ ካስተሩንም እንዲመልስ ይጠይቁት።

ስለ ነፋስ ለአዳማ ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው፤ በከተማዋ ዳር የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፍ ያለ መኪና ነፋሱ የሚገፋው ጎኑ ይበልጥ ይጋለጣል፣ የክብደቱ ማዕከልም ከፍ ስለሚል በድንገት መሪ ሲጠመዘዝ ለመገልበጥ ይቀርባል። በዚህ ላይ ጣሪያው ላይ ፖርታፓኮ አስረው ዕቃ የሚጭኑ ከሆነ፣ ከጣሪያው የሚያወርዱት እያንዳንዱ ኪሎ ከማንኛውም ውድ አሞርዛተር በላይ ይጠቅምዎታል።

ስለዚህ ምክሬ 265/70 አር 17 የሆነ የሁሉም መሬት ጎማ፣ ከፊትና ከኋላ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚያነሳ ሞላ ከነአሞርዛተሩ፣ እንዲሁም ያልተቆረጠ ፓራፋንጎ ነው። 285ቱ መሪው እስከ መጨረሻ ሲዞር የሚነካው ፓራፋንጎውን ብቻ ሳይሆን ከፊት ጎማ ጀርባ አካሉ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ጠርዝም ጭምር በመሆኑ፣ ቆረጣው ከላስቲክ አልፎ ወደ ብረት ይሄዳል። ጎማ ሲገዙ በጎኑ ላይ የተጻፈው የጭነት ቁጥር ከነባሩ እንዳያንስ ይመልከቱ፤ ለምሳሌ 112 ማለት አንድ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። በጎማው ጎን ላይ ከሚገኙት አራት የምርት ጊዜ ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ያመለክታሉ፤ 2323 የተባለ ጎማ በፈረንጆቹ 2023 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ትርፉ ጎማ በኋላ በር ላይ ቢንጠለጠልም መጠኑ ከአራቱ ጋር አንድ መሆን አለበት።

በሥራው ቀን ከመካኒኩ አጠገብ ቆመው አንድ ነገር ይከታተሉ። ቦኮላ (የክንዶቹ መገጣጠሚያ ላስቲክ) ያለባቸው ብሎኖች መኪናው በክሪክ ተንጠልጥሎ ሳለ መጨረሻ ድረስ መጥበቅ የለባቸውም። ላስቲኩ በተንጠለጠለበት ቦታ ከተያዘ፣ መኪናው ሲወርድ ተጠምዝዞ ይኖራል፣ በጥቂት ወራትም ይቀደዳል። ብሎኖቹ ላላ ብለው ገብተው፣ መኪናው በጎማው ከቆመና ጥቂት ከተናጠ በኋላ ነው የሚጠብቁት። ችኩል ጋራዥ ይህን ይዘላል። በመጨረሻም የፊት መብራቱ ወደ ታች ይስተካከል፤ የተነሳ መኪና መብራት ከፊት የሚመጣውን አሽከርካሪ ያሳውራል።

መረሬውን በተመለከተ፣ ከጎማው መጠን በላይ የሚረዳዎት የጎማውን ንፋስ መቀነስ ነው። እርሻው መግቢያ ላይ ወደ 20 ፒኤስአይ ካወረዱት ጎማው ተንጠፍጥፎ ብዙ መሬት ይይዛል፤ ነገር ግን የንፋስ መሙያ ኮምፕረሰር መኪና ውስጥ ከሌለ አያውርዱ፤ በዚያ ንፋስ አስፋልት ላይ በፍጥነት የሚነዳ ጎማ በአዳማ ሙቀት ግሎ ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ ደብል ካቢን ሃይሉክስ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም አመላልሳለሁ። ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ትራስ አስገብቼ ካስነሳሁት ወዲህ ፍሬን ስይዝ አፍንጫው ይደፋል፣ የፊት ፍሬን ሸራም ቶሎ ያልቃል። ሸራ ብቀይርም ያው ነው። (አንባቢ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሸራውን ይተዉትና ከመኪናው ስር ይግቡ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) በሌላቸው ብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከኋላ አክስሉ በቀጭን ዘንግ ተያይዞ ሻንሲው ላይ የተቀመጠ የፍሬን ቫልቭ አለ። ጭነት ሲበዛ አካሉ ወደ አክስሉ ስለሚቀርብ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ለኋላ ፍሬን የሚሄደው ግፊትም ይጨምራል፤ መኪናው ባዶ ሲሆን ተቃራኒው ይሆናል፣ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ። እርስዎ አካሉን ከአክስሉ ሲያርቁት ቫልቩ መኪናው ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ቆጠረ። ስለዚህ ሽንኩርቱን እስከ አፉ ጭነው እንኳ የማቆሙን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው የፊቱ ፍሬን ነው።

መፍትሔው የዘንጉን መያዣ በትራሱ ውፍረት ልክ ከፍ ማድረግ ወይም ዘንጉን ማስረዘም፣ ከዚያም ግፊቱን በጌጅ ማስለካት ነው። አንዳንድ ጋራዦች ቫልቩን ክፍት እንዲሆን በሽቦ ያስሩታል፤ ይህን እንዳይቀበሉ፣ ባዶ ስትመለሱ በዝናብ ቀን ፍሬን ሲያዝ የኋላው ተቆልፎ መኪናው ይዞራል። የፍሬን ቱቦውም ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ሳይወጠር መድረሱን ያረጋግጡ። ትራስ በትራስ ላይ መደረብ ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ አክስሉ በጭነት ሲነሳ እንዲጠመዘዝ ያደርገዋል። የሚያስፈልግዎት ጭነት ለመሸከም ከሆነ ቀድሞውኑ ትራስ አልነበረም መፍትሔው፤ ለጭነቱ የሚመጥን የባሌስትራ ቅጠል መጨመር ነበር።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ጎማ ነጂ ራቭ ፎር አለኝ። ገንዘብ እስኪሞላ ከኋላ ብቻ ሁለት ትልልቅ ጎማ ልግጠም? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይግጠሙ። የፊትና የኋላ ጎማ ቁመት ሲለያይ የኋለኛው በዙር ብዛት ከፊቱ ያነሰ ይዞራል፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ኩፕሊንግ ያንን ልዩነት ያለ ዕረፍት ሲያቻችል ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ከሐዋሳ ይርጋለም ደርሶ ለመመለስ ብቻ ቢሆን እንኳ አልመክርም። ገንዘቡ እስኪሞላ በነባሩ መጠን ሁለት አዲስ ጎማ መግዛት ካለብዎት፣ ከቀሩት ሁለቱ ጋር ያለው የጥርስ ጥልቀት ልዩነት እጅግ የሰፋ እንዳይሆን በጥልቀት መለኪያ አይተው ይግዙ።