አፈሩን በኩንታል፣ ዝናቡን በሊትር
ስለ አፈር፣ ዝናብና አካባቢ ለሚጽፉ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተፋሰስ ልማት ባለሙያ ነኝ። «በተፋሰሱ የሚታየው ከፍተኛ የአፈር መከላት ምርታማነት እንዲቀንስ አድርጓል» ብዬ የጀመርኩትን ጽሑፍ ገበሬው ይቅርና የቢሮ ባልደረቦቼም አልጨረሱትም። ምኑን ላስተካክል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጽሑፉን የገደለው «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ነው። አንባቢ «ስንት?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ ያጣል። ቁጥሩን አንባቢው በሚያውቀው መለኪያ ይስጡት። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር፣ ማለትም 2,500 ካሬ ሜትር ነው። ከላዩ 1 ሚሊ ሜትር አፈር ቢታጠብ 2.5 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። አንድ ሜትር ኪዩብ ደረቅ አፈር 1.2 ቶን ቢመዝን የሄደው 3 ቶን ነው፤ 30 ኩንታል። እንግዲህ መግቢያዎ «ከአንድ ጥማድ ማሳ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ሲታጠብ 30 ኩንታል አፈር ሄደ ማለት ነው» ይሁን። «መከላት» (የአፈር መታጠብ) የሚለውን ቃል ከዚህ በኋላ ቢያመጡት አንባቢው ይከተልዎታል።

ስሌቱን ግን በጭፍን አይድገሙት። በከፍተኛው ደጋ ያለው ጥቁርና ልል አፈር ቀላል ነው፤ ሜትር ኪዩቡ 0.9 ቶን ከሆነ 30ው ኩንታል ወደ 22 ተኩል ይወርዳል። የትኛውን ክብደት እንደወሰዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ።

ብዙ ጸሐፊ የሚሳሳተው ሌላ ቦታ ነው። ደብረ ሲና አቅራቢያ ያለው የአንዲት ጥድ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1982 ተቋቁሞ ከትንንሽ የሙከራ ማሳዎች የሚታጠበውን አፈርና ከተፋሰሱ መውጫ በወንዝ የሚያልፈውን ደለል ለየብቻ ሲለካ ቆይቷል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ከማሳው የተነሳው አፈር ከፊሉ እርከኑ ሥር፣ ከፊሉ ሜዳው ላይ ይቀራል፤ ወንዝ አይደርስም። የማሳውን ቁጥር በወረዳው ስፋት አባዝቶ «ይህን ያህል ቶን አፈር አገር ጥሎ ሄደ» ማለት ስህተት ነው፤ አንድ ጊዜ ከተያዘብዎ ደግሞ ትክክለኛውን ቁጥርም የሚያምንዎ አይገኝም።

ከጽሑፉ ጎን የሚሄድ ፎቶ ከፈለጉ ሁለት ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ይያዙ። ከባድ ዝናብ ሲጥል አንዱን እርከን ካለው ማሳ፣ ሌላውን ከሌለው፣ ከሚወርደው ጎርፍ ይሙሉ። ሁለት ሰው በተመሳሳይ ሰዓት መቅዳት አለበት፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ከኋለኛው ይልቅ ብዙ አፈር ስለሚይዝ አንዱን ቀደም ብሎ መቅዳት ማሳዎቹን ሳይሆን ሰዓቱን ማወዳደር ይሆናል። ጎን ለጎን አቁመው ያሳድሯቸው። አፈሩ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ) ከሆነ አንድ ሌሊት አይበቃውም፣ ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ። ከሥር የዘቀጠውን በማስመሪያ ለክተው ቁጥሩን ከፎቶው ሥር ይጻፉ። ይህ ማሳያ እንጂ ጥናት እንዳልሆነም አብረው ይንገሩ፤ የአንድ ቀን ሁለት ጠርሙስ ስለ ዓመቱ አይመሰክርም።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በልጉ ቀረብን። «የአየር ንብረት ለውጥ በልጋችንን ወሰደው» ብዬ ለትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ልጽፍ? (ከሞላሌ፣ መምህርት)

መልስ፦ እንዲህ አይጻፉት። የአንድ ዓመት በልግ መቅረት የአየር ጠባይ ነው፤ የአየር ንብረት የሚባለው በተለምዶ የ30 ዓመት አማካይ ነው። ይልቅ በአቅራቢያዎ ካለ የሜትሮሎጂ ጣቢያ የየካቲት እስከ ግንቦትን ዝናብ ቢቻል ለ30 ዓመት ጠይቀው፣ የዘንድሮው ከዚያ ሁሉ ስንተኛ ደረቅ እንደሆነ ይቁጠሩ። «ከ30 በልግ ሦስተኛው ደረቅ» ማለት ተማሪ የሚጨብጠው ነገር ነው።

መዝገቡ በፈረንጅ ወር ከሆነ ይጠንቀቁ። ጁላይ ሐምሌ አይደለም፤ ከሰኔ 24 እስከ ሐምሌ 24 ነው። የጁላይን ድምር «የሐምሌ ዝናብ» ብለው ከጻፉት፣ በሐምሌ መጨረሻ የጣለውን ዶፍ የሚያስታውስ ወላጅ ቁጥርዎን አያምንም። የዕለት መዝገብ ካገኙ ራስዎ በእኛ ወር ይደምሩት። ሚሊ ሜትሩንም ወደ ሊትር ይመልሱት፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲጥል 400 ሊትር ይወርዳል፤ ከሚፈናጠቀውና ከሚተነው በቀር ሁለት በርሜል ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ጥያቄ፦ «ሥነ ምህዳር» የሚለውን ቃል ላስረዳ ስል ሌላ ከባድ ቃል እጨምራለሁ። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ቃሉን አይተርጉሙ፣ የመንዝን የጓሳ ሣር ምድር ያሳዩ። የጓሳ ሣሩ ለክዳንና ለገመድ ይታጨዳል፤ በመካከሉ አይጦች ይኖራሉ፤ የቀይ ቀበሮ ዋነኛ ምግብ ደግሞ አይጥ ነው። ሣሩ በግጦሽ ሲመናመን አይጡ መደበቂያውን ያጣል፣ ቀበሮውም አደኑን። የመንዝ ሰው ሳሩን ተራ እያወጣ፣ ለዓመታት እየከለለ ሲጠብቅ ኖሯልና አንባቢዎ ግማሹን ታሪክ ያውቀዋል። «ሥነ ምህዳር» የሚለውን ስም ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጥሩት።