ወለል የሌለው ቤት፣ ከዳይኩ ሥር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ከአንድ አካባቢ የመጡ ናቸው፤ በኔዘርላንድ በዋል፣ በማስና በሊንገ ወንዞች ዳር ካሉ ትናንሽ መንደሮች። ዳይክ የምንለው በወንዙ ዳር ውሃውን የሚያግደውን የአፈር ግድብ ነው። ዓመታቱም ወራቱም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ቲል አጠገብ ባለ መንደር ከቤቶች ኮርፖራሲ (በአነስተኛ ኪራይ ቤት ከሚያከራይ ድርጅት) ቤት ደርሶኛል። ሄጄ ሳየው ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነው፤ አምፖል የለ፣ መጋረጃ የለ፣ ምድጃ የለ። ሳሎኑ ላይ ብቻ የቀድሞዋ ተከራይ ያነጠፈችው ላሚኔት (እንጨት መሳይ የወለል ንጣፍ) አለ፤ «በ600 ዩሮ ልተውልሽ» ትለኛለች። ልግዛው?

መልስ፦ ቤቱ አያስደንግጥዎት፤ የተበላሸ ነገር የለውም። እዚህ አገር «ካል»፣ ማለትም ባዶ፣ ተብሎ የሚከራይ ቤት እንዲህ ነው። «ኸስቶፈርት» ከተባለ ወለል፣ መጋረጃና መብራት ይኖረዋል፤ «ኸሜብለርት» ደግሞ ከነዕቃው ነው። የኮርፖራሲ ቤቶች ከሞላ ጎደል ሁሉም ካል ስለሆኑ በመጀመሪያው ወር ኪስ የሚያራቁተው ኪራዩ ሳይሆን ወለሉ ነው።

ወጪው ተከራይ ዕቃውን ለገቢው መሸጡ «ኦቨርናመ» ይባላል። የተለመደ ነው፤ ግን በሁለት ተከራዮች መካከል ያለ ተራ ሽያጭ ነው። ካልፈለጉ አይገዙም፣ ቤቱን ለማግኘትም ቅድመ ሁኔታ ሊሆን አይገባም። 600 ዩሮ ከመክፈልዎ በፊት ጫማዎን አውልቀው በላሚኔቱ ላይ ይራመዱ። እግርዎ ሥር የሚሰምጥና የሚንቋቋ ቦታ ካለ ወይ ሲሚንቶው ጎድጓዳ ነው፣ ወይ ከሥሩ ያለው ስፖንጅ አልቋል። ከዚያ በጓሮው በር ሥርና በወጥ ቤቱ በኩል መጋጠሚያዎቹን በጣትዎ ይዳስሱ። ጠርዙ ካበጠ ውሃ ነክቶታል፤ ያበጠ ላሚኔት ደግሞ ወደ ቦታው አይመለስም። ሌላም አለ፦ ከተረከቡት በኋላ ንብረቱ የእርስዎ ነው። ሲለቁ ኮርፖራሲው «ይነሣ» ካለ የሚነቅሉት እርስዎ ነዎት። በሙጫ የተለጠፈ ምንጣፍ ከሆነ በነፃ ቢሰጥዎ እንኳ አይቀበሉ፤ ሙጫ ከሲሚንቶ ላይ መፋቅ የቀናት ሥራ ነው።

አዲስ የሚያነጥፉ ከሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው። 5 ሜትር በ4.20 የሆነ ሳሎን 21 ካሬ ነው፤ ለቁርጥራጭ 10 በመቶ ሲጨምሩ 23.1 ይሆናል። አንዱ ካርቶን 2.2 ካሬ የሚሸፍን ከሆነ 11 ካርቶን ይገዛሉ። በወንዝ ዳር መንደር፣ በምድር ፎቅ ላይ፣ ከስፖንጁ ሥር እርጥበት የሚያግድ ፕላስቲክ ሳያነጥፉ ምንም እንዳይጀምሩ። ፕላስቲኮቹ ሲገናኙ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይደራረቡና በቴፕ ይታሸጉ። ካርቶኖቹን ሳይከፍቱ ክፍሉ ውስጥ 48 ሰዓት አጋድመው ያቆዩዋቸው። ከግድግዳው ዙሪያውን 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይተዉ፤ ይህ ክፍተት ሲረሳ በሞቃቱ ወራት ወለሉ ይለጠጥና መሃሉ ላይ ጉብ ይላል። ቅደም ተከተሉም ቀለም፣ ወለል፣ ከዚያ ዕቃ ነው። ኪራዩ ከውሉ መጀመሪያ ቀን ጀምሮ ስለሚቆጠር ዕቃውን አስቀድመው ይዘዙ፤ አለዚያ የአሮጌውንም የአዲሱንም ኪራይ እየከፈሉ ካርቶን ይጠብቃሉ።

ቁልፍ በሚረከቡበት ቀን «ኦፕናመስታት» የሚባል የርክክብ ቅጽ ይቀርብልዎታል። ብዙ ሰው በደስታ ስሜት ዓይኑን ጨፍኖ የሚፈርመው ይህንን ነው። ሕጉ ተከራይን የሚጠብቅበት መንገድ እንዲህ ነው፦ ሲገቡ የቤቱ ሁኔታ በጽሑፍ ካልተመዘገበ፣ ሲለቁ ባለበት ሁኔታ እንደተረከቡት ይቆጠራል፤ ሌላ ነገር ካለ ማስረዳት ያለበት አከራዩ ነው። ቅጹ ላይ «ሁሉም ደህና» ተብሎ ከፈረሙ ግን ያ ጥበቃ ይጠፋል። ስለዚህ የተሰነጠቀ ሰድር፣ የተላጠ በር፣ የማይዘጋ መስኮት አንድ በአንድ ካልተጻፈ አይፈርሙ። የጋዝ፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹንም በዚያው ቀን ፎቶ ያንሡ።

ጥያቄ፦ አንድ ግለሰብ ዳይኩ ላይ ያለ 62 ካሬ አሮጌ ቤት በወር 1,150 ዩሮ ሊያከራየኝ ነው። የኢነርጂ ደረጃው (ቤቱ ኃይል የሚቆጥብበት ልክ) ኤፍ ነው። ሦስት ወር ቦርግ (መያዣ ገንዘብ)፣ ለደላላው 500 ዩሮ፣ ውሉ ደግሞ ለአንድ ዓመት ብቻ። እዚያ አድራሻ መመዝገብም አይፈልግም። ሌላ ቤት ስላጣሁ ልፈርም ነው።

መልስ፦ ገና አይፈርሙ። ከጠቀሷቸው አምስት ነገሮች አራቱ ሕጉን የሚጥሱ ይመስላሉ፤ አምስተኛው፣ ኪራዩ፣ መቆጠር አለበት።

ከኪራዩ እንጀምር። እዚህ አገር የቤት ዋጋ በነጥብ ይሰላል። የክፍሎቹ ስፋት፣ ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያው፣ ግቢው፣ የኢነርጂ ደረጃውና ማዘጋጃ ቤቱ የሚተምነው የቤቱ ዋጋ ነጥብ አላቸው። መኝታ ቤትና ሳሎን በካሬ 1 ነጥብ ያገኛሉ፤ ኢ፣ ኤፍ እና ጂ ደረጃዎች ግን ነጥብ ይቀንሳሉ። ከሐምሌ 1 ቀን 2024 ወዲህ በተፈረሙ ውሎች እስከ 143 ነጥብ ያለው ቤት ዝቅተኛው የኪራይ ክፍል፣ ከ144 እስከ 186 መካከለኛው ነው፤ አከራዩ እንዳሻው ዋጋ የሚጠራው ከ187 ጀምሮ ብቻ ነው። በ2025 የዝቅተኛው የወር ኪራይ ጣሪያ 900.07፣ የመካከለኛው 1,184.82 ዩሮ ነበር፤ ጣሪያዎቹ በየጥር ይከለሳሉ። 62 ካሬ ላይ የቆመ ኤፍ ቤት 144 ነጥብ መድረስ ይቸግረዋል። ለማንኛውም በሁርኮሚሲ፣ ማለትም በኪራይ ጉዳዮች ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ ያለውን የነጥብ ማስያ ክፍል በክፍል ይሙሉ፤ ሜትር ይዘው ይሂዱ። አንድ ወጥመድ አለ፦ በዳይክ ላይ ያሉ አሮጌ ቤቶች አንዳንዶቹ በአገር ደረጃ የተመዘገቡ ቅርሶች ስለሆኑ የዋጋ ጭማሪ ይፈቀድላቸዋል። ቅርስ መሆኑን አከራዩ በወረቀት ያሳይ። ከጥር 2025 ጀምሮ ደግሞ አከራይ የነጥብ ስሌቱን ከአዲስ ውል ጋር የማያያዝ ግዴታ አለበት። «የምን ነጥብ?» ካለዎት መልሱን አገኙ።

ቦርግ ከሁለት ወር ንጹሕ ኪራይ (ሌላ ክፍያ ሳይጨመርበት) መብለጥ አይችልም። ሲለቁም ተቀናሽ ከሌለ በ14 ቀን፣ ካለ ደግሞ ከዝርዝሩ ጋር በ30 ቀን ይመለሳል። ደላላው ለአከራዩ የሚሠራ ከሆነ ከእርስዎ መቀበል አይችልም፤ ስሙን «የውል ማዘጋጃ» ብሎ ቢቀይረውም ያው ነው። ከሐምሌ 2024 በኋላ ጊዜ ያልተወሰነለት ውል ነው መደበኛው፤ የአንድ ዓመት ውል የሚፈቀደው በሕግ ለተዘረዘሩ ጥቂት ሁኔታዎች ነው፤ ለምሳሌ ከሌላ ከተማ ለመጣ ተማሪ።

ከሁሉም የሚከፋው የምዝገባው ጉዳይ ነው። ቤት ሲቀይሩ በ5 ቀን ውስጥ ለማዘጋጃ ቤቱ ማሳወቅ የእርስዎ ግዴታ ነው። ያልተመዘገቡበት ቤት ላይ የኪራይ ድጎማ አያገኙም፣ ደብዳቤ አይደርስዎም፣ ለመኖርያ ፈቃድም ጣጣ ነው። አከራዩ ይህን እምቢ ካለ ቤቱ በነፃም ውድ ነው።

ገንዘብ ከመላክዎ በፊት የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በካዳስተር፣ በመሬትና ቤት መዝገቡ፣ በጥቂት ዩሮ ያጣሩ። የፓስፖርት ቅጂ ሲሰጡ የዜጋ መለያ ቁጥሩን ይሸፍኑት፤ የመንግሥቱ «ኮፒአይዲ» መተግበሪያ ለዚሁ የተሠራ ነው። ነገሩ ከተካረረ ዩሪዲስ ሎኬት የሚባለው የሕግ ምክር ቢሮ በነፃ ምክር ይሰጣል።

ጥያቄ፦ በመግቢያው በር ውስጥ ከምንጣፉ ሥር ያለውን ክዳን ብናነሣው ከወለሉ በታች ውሃ ተኝቷል። የመኝታ ቤቱ ጥግ ሻግቷል። አከራያችን «እናንተ መስኮት አትከፍቱም፣ ምግብ ታበዛላችሁ» ይለናል። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ከሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ነው መለካት ያለባችሁ።

ወንዙ ሲሞላ ውሃው በክብደቱ እየተገፋ በዳይኩ ሥር ባለው አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ከወዲያኛው በኩል ይወጣል። ደቾቹ «ክወል» ይሉታል። ዳይኩ አልተነደለም፣ ማንም አላጠፋም፤ ወንዙ ሲጎድል እሱም ይጎድላል። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ከወለል በታች ውሃ ማየት በእነዚህ መንደሮች ብርቅ አይደለም። ወንዙ ጎድሎም ውሃው ካልጎደለ ግን ወይ የተሰበረ የፍሳሽ ቧንቧ ነው፣ ወይ ማፋሰሻ የለውም። ያ የአከራዩ ሥራ ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ክዳኑን ከፍታችሁ ቀጥ ያለ እንጨት ውሃው ውስጥ አቁሙ፤ የረጠበውን ለኩ፣ ከቀኑ ጋር ፎቶ አንሡ። በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ያለውን የወንዝ ከፍታ ከሬይክስዋተርስታት (ወንዞቹን ከሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት) ገጽ ላይ ጻፉ። ስድስት ሳምንት ያህል እንዲህ ካደረጋችሁ ሁለቱ አብረው ይወጡና ይወርዱ እንደሆነ በግልጽ ይታያል። ውሃው የሚሸት ከሆነ አትጠብቁ፤ ፍሳሽ ሊሆን ይችላል። ለሻጋታው ደግሞ የእርጥበት መለኪያ አንድ ግዙ፤ ርካሽ ነው። ምግብ ስታበስሉና ልብስ ውስጥ ስታሰጡ ብቻ ከ70 በመቶ በላይ ወጥቶ መስኮት ሲከፈት ቶሎ የሚወርድ ከሆነ አከራዩ ግማሽ እውነት አለው። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ማናፈሻው በርቶ በሩ ይዘጋ። መስኮት እየተከፈተም ሌት ተቀን ከፍ ብሎ ከቀጠለ፣ ሻጋታውም ከታች፣ ከወለሉ ጠርዝ ከጀመረ፣ የሚመጣው ከምድር ነው።

ማስረጃው ሲሞላ ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ። በቃል የተነገረ አቤቱታ የለም ማለት ነው። ስድስት ሳምንት ስጡት። ካላደሰ፣ ቤታችሁ በዝቅተኛው ወይም በመካከለኛው ክፍል ከሆነ፣ ሁርኮሚሲ ዘንድ በ25 ዩሮ አቤት ማለት ይቻላል፤ ከረታችሁ ገንዘቡ ይመለሳል። ጉድለቱ ከባድ ከተባለ እስኪታደስ ድረስ የምትከፍሉት ከኪራዩ 40 በመቶውን ብቻ፣ በጣም ሲከፋም 20 በመቶውን ብቻ ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ፈቃድ ኪራይ መቁረጥ ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ጥያቄ፦ ቤቱ በዳይኩና በወንዙ መካከል ነው። ዕይታው ልብ ይወስዳል። ዕቃዬን ኢንሹራንስ ብገባ ይበቃኛል?

መልስ፦ አይበቃዎትም። «ባውተንዳይክስ»፣ ማለትም ከዳይኩ ውጭ፣ የሚኖር ሰው የጎርፉን አደጋ በአመዛኙ ራሱ ይሸከማል። የተለመደው የዕቃ ዋስትና ከባድ ዝናብን ይሸፍናል እንጂ ትልቁ ወንዝ ከአልጋው ወጥቶ ለሚያደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ከፖሊሲው ላይ «ኦቨርስትሮሚንግ» የሚለውን አንቀጽ ፈልገው ያንብቡ። ከዳይኩ ውስጥ ቢሆኑም መንደሩ ምን ያህል ሊጠልቅ እንደሚችል «ኦቨርስትሮም ኢክ» በሚባለው ገጽ ላይ በፖስታ ኮድ ይታያል። በጥር 1995 መጨረሻ በኦኽተን ዳይኩ ሊናድ ተቃርቦ ከወንዞቹ አካባቢ 250 ሺህ ያህል ሰው ከነከብቱ ወጥቷል። ዳይኮቹ ከዚያ ወዲህ ተጠናክረዋል፤ ቢሆንም ሰነዶችዎንና ፓስፖርትዎን ምድር ቤት አያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ትልቁን የኤሌክትሪክ ምጣድ ስሰካ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል።

መልስ፦ አንድ የመብራት መስመር 16 አምፔር ነው፤ በ230 ቮልት 3,680 ዋት ማለት ነው። ከአገር ቤት የሚመጣ ትልቅ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ በዚያው መስመር ላይ የውሃ ማፍያ ሲጨመር ይቆርጣል። ቤቱ በሙሉ ከጨለመ ግን ከሁለት አንዱ ነው፦ ምጣዱ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ያፈስሳል፣ ወይም ዋናው ፊውዝ 25 አምፔር ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ ነቅለው ምጣዱን ብቻ ይሰኩ፤ ያኔም ወዲያው ከቆረጠ ምጣዱን ለባለሙያ ይውሰዱት። የሚሽከረከር ማራዘሚያ ላይ ፈጽሞ አይስኩ፤ ተጠቅልሎ ሲቀር ይቀልጣል።

ጥያቄ፦ መኪና የለኝም። አውቶቡስ አለ ብለውኛል፤ ይበቃል?

መልስ፦ የትኛው አውቶቡስ? «ቡርትቡስ» ከሆነ በጎ ፈቃደኞች የሚነዱት ባለ 8 መቀመጫ ነው፤ ማታና ቅዳሜና እሑድ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ወንዙን የሚያሻግረው ጀልባም ወንዙ ሲሞላ ይቆማል፤ አንዳንዱ በብርዱ ወራት ጭራሽ አይሠራም። ሥራዎ ማዶ ከሆነ የየካቲትን የጊዜ ሰሌዳ ይመልከቱ እንጂ የሐምሌን አይደለም፤ በድልድይ ዞረው ምን ያህል እንደሚፈጅም በብስክሌት አንድ ቀን ይሞክሩት፣ ነፋስ ባለበት ቀን።