ማርኩዊስነቱ ጠፍቶ ባሮንነቱ እንዴት ተረፈ?

ወንድሜ፣ «የዱፈሪን ቤት በ1988 ማርኩዊስነቱን ሲያጣ ባሮንነቱ ለምን አብሮ አልጠፋም?» ላልከው፣ ነገሩ ያለው እያንዳንዱ ማዕረግ ለማን ዘር እንደተሰጠ ላይ ነው። (ዱፈሪን የብሪታንያ መኳንንት ቤተሰብ ነው፤ ማርኩዊስና ባሮን በዘር የሚወረሱ የመኳንንት ማዕረጎች ናቸው። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሮንነቱ በ1800 ለዶርካስ ብላክዉድ የተሰጠ የአየርላንድ ማዕረግ ነው፤ ከእሷ በወንድ በኩል የሚወርዱ ወንዶች ሁሉ በተራቸው ይወርሱታል። ማርኩዊስነቱ ግን በ1888 ከዶርካስ ዘር ለሆነውና በሕንድ የብሪታንያ እንደራሴ ለነበረው ለፍሬድሪክ የተሰጠ ነው፤ ወራሾቹ የራሱ ወንድ ዘሮች ብቻ ናቸው። «ዱፈሪንና አቫ» የተባለውም በእሱ ዘመን ብሪታንያ በርማን ስለጠቀለለች ነው፤ አቫ የበርማ ነገሥታት የቀድሞ መናገሻ ናት።

ከዚያ በኋላ ቤቱን ሞት በላው። የፍሬድሪክ የበኩር ልጅ አርኪባልድ በ1900 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በቦር ጦርነት አለቀ። ሦስተኛው ማርኩዊስ በ1930 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። አራተኛው ባሲል በ1945 የተገደለው፣ ይገርምሃል፣ እዚያው በርማ ውስጥ ነው፤ ከአቫ ብዙም ሳይርቅ። አምስተኛው ሸሪዳን በ1988 ልጅ ሳይወልድ ሲሞት የፍሬድሪክ ወንድ ዘር ተቋረጠ።

የዶርካስ ግን አልተቋረጠም፤ ባሮንነቱ አውስትራሊያ ለሚኖር የሩቅ ዘመድ ተላለፈ። ርስቱ ግን ማዕረጉን አልተከተለም፤ የቤተሰቡ ርስት ክላንደቦይ በሸሪዳን ሚስት እጅ ቀረ።