ከኩላሊት የሚወርደውን ቱቦ መልሶ ፊኛ ላይ መትከል፦ ጥያቄና መልስ

በሽንት አካላት ቀዶ ሕክምና ክፍል ለዓመታት ያገለገልሁ የሰሜን ሸዋ ተወላጅ ነኝ። ሽንትን ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደውን ቱቦ፣ ሐኪሞች ዩሬተር የሚሉትን፣ ለይቶ እንደገና ፊኛ ላይ ስለ መትከል ለደረሱኝ ጥያቄዎች መልሴ የሚከተለው ነው።

ጥያቄ (እናት፣ ከመሐል ሜዳ)፦ የአራት ዓመት ልጄን ትኩሳት ይመላለስባታል፤ ሽንቷ ወደ ኩላሊቷ ይመለሳል ተባልን። የግድ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት?

መልስ፦ የግድ አይደለም፣ እህቴ። ዩሬተር የፊኛን ግድግዳ ሰያፍ ሆኖ ስለሚያልፍ፣ ፊኛው ሲሞላ ግድግዳው ቱቦውን ተጭኖ ይዘጋዋል፤ በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈው ክፍል ከተፈጥሮው አጭር ከሆነ ግን ሽንቱ ወደ ላይ ይመለሳል። ሕመሙ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፤ ዝቅተኞቹ ልጅ ሲያድግ ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ይጠፋሉ። ደረጃው ከፍ ያለ ሲሆን፣ መድኃኒት እየተወሰደም ኢንፌክሽኑ ሲያገረሽ፣ ወይም ኩላሊት ላይ ጠባሳ ሲወጣ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ዋናው ሥራ ስፌቱ ሳይሆን በፊኛው የውስጥ ሽፋን ሥር ለቱቦው መተላለፊያ ማበጀቱ ነው፤ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚጠቀሰው መለኪያም የመተላለፊያው ርዝመት የቱቦውን ስፋት አምስት እጥፍ ይሁን የሚል ነው።

ጥያቄ (ባል፣ ከሸዋ ሮቢት)፦ ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ወዲህ ሽንቷ ቀንም ሌሊትም ይፈሳል፤ ሽንት ቤት ገብታም እንደ ወትሮው ትሸናለች። ፊኛዋ ተበስቶ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ የነገሩኝ ግን ሌላም ያስጠረጥራል። ፊኛ በሰፊው ሲበሳ ሽንት ሳይጠራቀም ይወጣል። አንዱ ዩሬተር ተጎድቶ ሽንቱ በማሕፀን በር አካባቢ መውጫ ካገኘ ግን፣ የሌላኛው ኩላሊት ሽንት ፊኛዋን መሙላቱን ስለማይተው እየፈሰሰባትም ትሸናለች። በካቴተር (በሽንት መውጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) ቀለም ያለው ፈሳሽ ፊኛዋ ውስጥ ሲገባ በብልቷ የተቀመጠው ጎዝ ሳይቀልም ከራሰ፣ ጥርጣሬው ወደ ዩሬተር ያዘነብላል፤ ከዚያ በኋላ በቀለም የሚነሣ ሲቲ ስካን ቦታውን ያሳያል። ጉዳቱ ከፊኛ አጠገብ ከሆነ ቱቦው ተቆርጦ ፊኛ ላይ እንደ አዲስ ይተከላል፤ ካጠረ ፊኛው ወደ ላይ ተስቦ ከጀርባ ጡንቻ ጋር ይሰፋል፣ ያም ካልበቃ ከፊኛው ገጽ ቁራጭ ተገልብጦ እንደ ቱቦ ይጠቀለላል። በእፍረት ቤት የሚዘጉ እናቶችን ሳስብ ያሳዝነኛል፤ ሽንቱ መውረጃ አጥቶ የታፈነ ኩላሊት ያለ ሕመም ሊሞት ይችላልና እባክዎ አይዘግዩ። በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ፊስቱላ (ሽንት ያለ መንገዱ የሚፈስበት ቀዳዳ) ያለባቸውን ሴቶች በነፃ ያክማል።

ጥያቄ (ወጣት፣ ከደብረ ብርሃን)፦ ውስጤ ስቴንት ቀርቷል ተባልኩ፤ ይጎዳኛል?

መልስ፦ ስቴንት ስፌቱ እስኪድን ዩሬተሩን ክፍት ለማድረግ ውስጡ የተተወ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ በካሜራ ይወጣል። እስከዚያው ቶሎ ቶሎ መሽናትና ጥቂት ደም ማየት ያጋጥማል። ተረስቶ ሲቀር ግን ድንጋይ ያበቅላል። ካርድዎ ላይ የተጻፈው ቀን የአውሮፓ ይሁን የእኛ አቆጣጠር ጠይቀው ያረጋግጡ፤ በዚህ ስሕተት ቀጠሮ ያለፈባቸውን አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከሕክምናው በኋላ አልትራሳውንድ ኩላሊቱን አብጦ አሳየ፤ ከሸፈ ማለት ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የስፌቱ ቦታ ስለሚያብጥ የተለመደ ነው፤ በሦስት ወር ገደማ ተደግሞ ይታያል። ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ካለ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።