የታመቁ የዘረመል ፋይሎች፦ ሳይፈቱ ማንበብ

ጥያቄ፦ የብዙ ሰዎችን ዘረመል ያነበበውን የ1000 ጂኖምስ ፕሮጀክት የክሮሞዞም 22 ቪሲኤፍ ፋይል (የዘረመል ልዩነቶች የሚዘረዘሩበት የጽሑፍ ሰንጠረዥ) አወረድኩ። ሲወርድ 200 ሜጋባይት ገደማ ነበር፤ ልፈታው ስል ግን ላፕቶፔ ዲስኩ ሞልቷል ብሎ ቆመ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይፍቱት። በፕሮጀክቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ፋይል ውስጥ የ2,504 ሰዎች ጂኖታይፕ (ሰውየው በየቦታው ከወላጆቹ የወረሳቸው የዘረመል ቅጂዎች) አለ። ለአንድ ሰው በአንድ ቦታ ላይ እንደ «0|0» (ልዩነት የለም ማለት ነው) ያለ ምልክትና አንድ ታብ፣ ማለትም 4 ባይት ይጻፋል። ቦታዎቹ 1.1 ሚሊዮን ገደማ ስለሆኑ ሲባዛ 11 ጊጋባይት ይሆናል። ይህን ያህል ጠብቆ የሚታመቀው አብዛኛው ያው «0|0» ስለሆነ ነው።

ዚካት በተባለው የመፍቻ ትእዛዝ እየፈቱ ውጤቱን በፓይፕ («|» ምልክት) ወደሚቀጥለው ትእዛዝ ያስተላልፉ። ዲስክ ላይ ምንም አይጻፍም፤ ሜሞሪም ብዙ አይፈልግም። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች የሚያሳየውን «ሄድ» የተባለ ትእዛዝ ብቻ ከተጠቀሙ ግን የሚያዩት ራስጌውን ነው። ስለዚህ በ«##» የሚጀምሩትን መስመሮች በግሬፕ (መስመር መፈለጊያ ትእዛዝ) ያስቀሩ (ትንሿን ቪ አማራጭ ይጠቀሙ)፣ «ከት» በተባለው ዓምድ መቁረጫ ትእዛዝ ከ1 እስከ 9 ያሉትን ዓምዶች ይያዙ፣ ከዚያ ወደ «ለስ» (ጽሑፍን በገጽ በገጽ ማሳያ) ይላኩ። የሰዎቹ ጂኖታይፕ የሚጀምረው ከ10ኛው ዓምድ ነው። ሙሉውን መስመር ማየት ካስፈለገ ለስ ላይ ትልቁን ኤስ ይጨምሩ፤ አለበለዚያ 10 ኪሎባይት የሚረዝም አንድ መስመር ብቻውን ስክሪኑን ያጥለቀልቀዋል። ማክ ላይ ዚካት ሌላ ዓይነት ፋይል ስለሚፈልግ ጂዚካት ይበሉ።

የተፈታውን መጠን ለማወቅ የቆየ ጂዚፕን (የማመቂያ ፕሮግራሙን) በኤል አማራጭ አይጠይቁት። መጠኑን የሚያነበው ከፋይሉ መጨረሻ ካሉ 4 ባይቶች ነው፤ ከ4 ጊጋባይት ሲያልፍ ቆጠራው ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል።

ጥያቄ፦ የገብስ ቪሲኤፍ ፋይሌን በጂዚፕ አመቅኩት፤ ታቢክስ (በታመቀ ፋይል ውስጥ የተፈለገውን ቦታ የሚያወጣ ፕሮግራም) ግን ኢንዴክስ (የቦታ ማውጫ) አልሠራም አለ። ለምን?

መልስ፦ ጂዚፕ ፋይሉን አንድ ወጥ ጅረት ያደርገዋል፤ መሃሉ ለመድረስ ከመጀመሪያው ጀምሮ መፍታት ግድ ነው። ለዘረመል ፋይሎች የተዘጋጀው ማመቂያ ቢጂዚፕ ግን ዳታውን ቢበዛ 64 ኪሎባይት በሆኑ ብሎኮች ቆርጦ እያንዳንዱን ለየብቻ ያምቃል። ኢንዴክሱ የሚይዘው የብሎኮቹን አድራሻ ነው። የሁለቱም ፋይሎች ስም መጨረሻ አንድ ስለሆነ በስም አይለዩም፤ ኤችቲኤስፋይል የተባለው ትእዛዝ ይነግርዎታል።

በጂዚፕ እየፈቱ በፓይፕ ወደ ቢጂዚፕ ይላኩና በሌላ ስም ያስቀምጡ። በዚያው ስም ለመጻፍ «>» ከተጠቀሙ ሼሉ (ትእዛዞችን የሚቀበለው ፕሮግራም) ገና ንባቡ ሳይጀመር ፋይሉን ባዶ ያደርገዋል፤ ያኔ መመለሻ የለውም። ፋይሉ በክሮሞዞምና በቦታ ቅደም ተከተል ካልተደረደረም ታቢክስ እምቢ ይላል። በቢሲኤፍቱልስ ሶርት ሲደረድሩ ጊዜያዊ ፋይሎቹ የት እንደሚቀመጡ በትልቁ ቲ ይንገሩት፤ የሰርቨሩ ቴምፕ ማህደር ብዙ ጊዜ ጠባብ ነው።

ገብስ ላይ ሌላም እንቅፋት አለ። የተለመደው የቲቢአይ ኢንዴክስ ከ536,870,912 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) በላይ የሚረዝም ክሮሞዞም አይችልም፤ ከገብስ ሰባት ክሮሞዞሞች ብዙዎቹ ይህን ያልፋሉ። በትልቁ ሲ አማራጭ የሲኤስአይ ኢንዴክስ ይሥሩ። ጤፍ ላይ ቢሠሩ ኖሮ ይህ አያሳስብዎትም ነበር፤ ክሮሞዞሞቹ ትናንሽ ናቸው።

ኢንዴክሱ ተሠርቶ ፍለጋው ያለ ስህተት ባዶ ከመለሰ በመጀመሪያ የክሮሞዞሙን ስም ይጠርጥሩ። «22» ብለው የጠየቁት ፋይሉ ውስጥ «ክሮ» የሚል ቅጥያ ከፊቱ በላቲን ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ታቢክስ በትንሿ ኤል ስሞቹን ይዘረዝራል።

ጥያቄ፦ ፋስትኪው ፋይል (የዲኤንኤ ንባቦች ከነጥራት ደረጃቸው የሚጻፉበት) ውስጥ «@»ን በግሬፕ ስቆጥር ከተነገረኝ የሪድ (የአንድ ንባብ) ብዛት በለጠ።

መልስ፦ «@» የጥራት ደረጃ 31 ምልክትም ስለሆነ የጥራት መስመርም በእሱ ሊጀምር ይችላል። እያንዳንዱ ሪድ 4 መስመር ነው፤ መስመሮቹን በዚካትና በደብሊውሲ (መስመር መቁጠሪያ ትእዛዝ) ቆጥረው ለ4 ያካፍሉ። ቀሪ ከተገኘ ፋይሉ ሳይጨርስ ወርዶ ይሆናል። በጂዚፕ ትንሿ ቲ ይፈትሹት፤ ፋይሉ ሳይታሰብ አለቀ ካለ በደብሊውጌት (ማውረጃ ትእዛዝ) ትንሿ ሲ ካቆመበት ያስቀጥሉና ኤምዲ5 ድምሩን (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር) ከምንጩ ጋር ያነጻጽሩ።