ክንዳችሁን ሲያማችሁ ተናገሩ

ልጆች፣ ይህ ደብዳቤ ቤዝቦል ለምትወረውሩት ነው። ለታላቅ እህቶቻችሁም ጭምር፣ ልምምድ የምታመላልሳችሁ ብዙ ጊዜ እሷ ናትና። አብዛኞቻችሁ እዚሁ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያደጋችሁ የሐበሻ ልጆች ናችሁ። አባታችሁ ኳስ ሲባል የሚመጣለት እግር ኳስ ነው። አጥሩ ሥር ቆሞ "አሁን ማን አገባ?" ቢል አትፈሩበት። ይሄ ጨዋታ እስኪገባ ጊዜ ይወስዳል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጡረታ ለመውጣት ጫፍ ላይ ደርሻለሁ። አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት የፒቸር (የኳስ ወርዋሪ) ክርንና ትከሻ ስፈትሽ፣ ሳሽና ሳለማምድ ነው። የሃይስኩል ልጆች፣ የኮሌጅ ልጆች፣ ማይነር ሊግ (ከዋናው ሊግ በታች ያለው) ደርሰው የተመለሱ ጎልማሶች በእጄ አልፈዋል። ከነሱ ያየሁትን ነው የምጽፍላችሁ።

ፒቸርን እንጀራ የሚያበላው የውርወራው ኃይል ብቻ አይደለም። ተራው ሲደርስ ሜዳ ላይ መገኘቱ ነው። በሜጀር ሊግ፣ በዋናው ሊግ፣ አንድ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ አለው። ጨዋታ የሚጀምረው ፒቸር ግን በአምስት በስድስት ቀን አንዴ ነው የሚወረውረው። ሳይጎዳ ከከረመ በዓመት 30 ጨዋታ ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይጀምራል። የቀረውን ቀን ምን ይሠራል? ክንዱን ለሚቀጥለው ተራ ያዘጋጃል። ይሮጣል፣ ብረት ያነሳል፣ ቀለል አድርጎ ይወረውራል፣ ይታሻል፣ የሚገጥማቸውን መቺዎች በቪዲዮ ያያል፣ በደንብ ይተኛል። በቴሌቪዥን የምታዩት የሥራውን ጥቂት ሰዓት ነው።

ይህን ሁሉ እያደረገ ደግሞ ስለ ክንዱ እውነቱን መናገር አለበት። እዚህ ላይ ነው የኛ ልጅ የሚቸገረው። እኛ ቤት "አመመኝ" ማለት የሞልቃቃ ልጅ ወግ ነው። "ቻለው" እየተባልን ነው ያደግነው። እኔ ጋ የሚመጣ ልጅ "የት ላይ ነው የሚያምህ?" ስለው መጀመሪያ ዞሮ እናቱን ነው የሚያየው።

አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ክርኑን አጥፎ መዳፉን ወደ ላይ ያደርጋል። አውራ ጣቱን ይዤ ቀስ ብዬ ወደ ውጭ እስበዋለሁ። ያኔ የማየው ክንዱን ሳይሆን ፊቱን ነው። አፉ "ደህና ነኝ" ይላል። ቅንድቡ ግን ይሰበሰባል፣ ሌላኛው እጁ የአልጋውን ጠርዝ ጭምቅ ያደርጋል። በክርኑ ውስጠኛ በኩል፣ ከጉብታው አጥንት ትንሽ ዝቅ ብዬ በጣቴ ስጫን እጁን መንጭቆ ይወስድብኛል። ከመቼ ጀምሮ ነው ስለው "ካለፈው ሳምንት" ይለኛል። እናቱ ስልክ ለማንሳት ወጣ ስትል ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ትምህርት ሲከፈት ጀምሮ" ይላል።

እዚያ ጣቴን ያሳረፍኩበት ቦታ ያለችው አጭር ጅማት ናት ጉዱን ሁሉ የምትሸከመው። ኳሷ ከ150 ግራም አትበልጥም። ፒቸሩ ከሚቆምበት እስከ ሆም ፕሌት (መቺው አጠገቡ የሚቆምበት ሰሌዳ) 18.44 ሜትር ነው። በሰዓት 153 ኪሎ ሜትር፣ እናንተ በምታውቁት 95 ማይል ሲወረውር ኳሷ በ0.4 ሰከንድ ገደማ ትደርሳለች። ይህን ፍጥነት ለማምጣት የፒቸር ክንድ ትከሻው ላይ በሰከንድ ከ7,000 ዲግሪ በላይ በሆነ ፍጥነት ይሽከረከራል። እንዲያው ሳይቆም መዞር ቢችል በአንድ ሰከንድ 19 ጊዜ ይዞር ነበር ማለት ነው። ያ ሁሉ ኃይል ክርኑን ወደ ውጭ ሊከፍተው ይታገላል፣ ጅማቷ አልከፍትም ትላለች። ጡንቻ ጂም ገብታችሁ ታወፍሩታላችሁ። ጅማቷ ግን በዚያ ፍጥነት አብራችሁ አትጠነክርም። ጂም ሦስት ወር ሠርቶ ድንገት አምስት ማይል የጨመረ ልጅ ሲመጣ ወላጆቹ ደስ ብሏቸው ነው፣ እኔ ግን ሥጋት ይይዘኛል።

አላባማ በርሚንግሃም ውስጥ የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ተቋም አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ በዓለም ከታወቁት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ጥናት ቀዶ ጥገና ያስፈለጋቸውን ታዳጊ ፒቸሮች ካልተጎዱት ጋር አወዳደረ። በዓመት ከስምንት ወር በላይ የሚወረውሩት ለቀዶ ጥገና የመድረስ ዕድላቸው አምስት እጥፍ ሆነ። ክንዳቸው ደክሞ እያለ አዘውትረው የሚወረውሩት ደግሞ 36 እጥፍ። ልብ በሉ፣ "እያመማቸው" አላልኩም፤ ድካም ነው ያልኩት። ሕመም ሲመጣ ነገሩ ብዙ ተጉዟል። ድካም እንዴት ይታወቃል? ኳሷ ከምትፈልጉት ቦታ ከፍ ከፍ ማለት ትጀምራለች። ክርናችሁ ዝቅ ይላል። በውርወራና በውርወራ መካከል ጫማ ማሰር ታበዛላችሁ። አሠልጣኙ ካላየው እናንተ ንገሩት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ።

ስለ ቶሚ ጆን ሳትሰሙ አትቀሩም። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ግራኝ ፒቸር ነበር። ጁላይ 17፣ 1974 እየወረወረ ሳለ ያቺ ጅማት ተበጠሰች። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።) ያን ጊዜ ይህ ማለት የሥራው መጨረሻ ነበር። ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ ክንዱ ጅማት ወስዶ በግራ ክርኑ አጥንት ውስጥ ቀዳዳ አበጅቶ አሰረለት። እንደገና የመወርወር ዕድሉን ከመቶ አንድ ነው ያለው። ቶሚ ጆን 1975ን ሙሉ ሳይጫወት ዋለ፣ 1976 ተመለሰ፣ 46 ዓመቱ ድረስ ወረወረ። ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ናቸው። ቀዶ ጥገናው ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ታሪኩ ደስ ይላል። ችግሩ ልጆች ከሱ የሚወስዱት ሌላ ነገር ነው፦ "ቢበጠስ ይጠገናል።" ይባስ ብሎ ደህና ክርን ይዘው "ቢሠራለት ፍጥነት ይጨምር ይሆን?" ብለው ሐኪም የሚጠይቁ ወላጆች አሉ። አይጨምርም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፈጥኖ የሚወረውር ካያችሁ፣ ያፈጠነው ከዓመት በላይ የሠራው የእግር፣ የወገብና የትከሻ ልምምድ ነው። ያንን ሳትቀደዱም መሥራት ትችላላችሁ።

መመለሱ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ወራት ካለፉ በኋላ የመጀመሪያው የውርወራ ቀን ይመጣል። ርቀቱ 45 ጫማ ነው፣ 14 ሜትር አይሞላም። 25 ጊዜ በቀስታ ይወረውራል፣ ይቀመጣል፣ ደግሞ 25 ጊዜ። በቃ፣ ለዚያን ቀን ይኸው ነው። በ90 ማይል መቺ ሲያስጨንቅ የነበረ የ20 ዓመት ጎረምሳ ለሕፃን እንደሚወረወር አድርጎ እየወረወረ ዕንባው ሲመጣ አይቻለሁ። አሞት አይደለም፤ የቀረው መንገድ ታይቶት ነው።

እዚሁ ከተማችን የሆነውንም አስታውሱ። ስቲቨን ስትራስበርግ ከሃይስኩል ሲወጣ በድራፍት (ቡድኖች በተራ ወጣት ተጫዋቾችን የሚመርጡበት ሥርዓት) የመረጠው ቡድን አልነበረም። ሳንዲዬጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ2009 የዋሽንግተን ናሽናልስ የመጀመሪያ ምርጫ ሆነ፣ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ። ጁን 8፣ 2010 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ የፒትስበርግ መቺዎችን 14 ጊዜ ስትራይክ አውት አደረገ፣ ሳይመቱ ከተራቸው አስወጣ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጅማቱ ተበጠሰና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። በ2012 ቡድኑ ለዋንጫ እየተፎካከረ ሳለ አለቆቹ "ክንዱ ይበቃዋል" ብለው ሴፕቴምበር ላይ አሳረፉት። ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ፀጉር ቤት ሳይቀር ክርክር ነበር። እኔ ያኔም ዛሬም ትክክል ነበሩ እላለሁ። በ2019 ያ ክንድ ዋሽንግተንን የወርልድ ሲሪስ (የሜጀር ሊግ ፍጻሜ) ዋንጫ ሲያስበላ እሱ የውድድሩ ኮከብ ሆነ።

ቀጥሎ የሆነውን ግን ልደብቃችሁ አልችልም። በዚያው ክረምት የሰባት ዓመት፣ የ245 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ። ከዚያ በኋላ የተሰለፈው በስምንት ጨዋታ ብቻ ነው። በአንገትና በትከሻ መሃል ነርቭና የደም ሥር የሚያልፉበት ቦታ ጠቦት እንደገና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አልሆነም። በ2024 በይፋ አቆመ። ሁሉን በሥርዓት ያደረገ ሰውም ክንዱ ሊከዳው ይችላል። ስለዚህ ተጠንቀቁ ስላችሁ ዋስትና እየሰጠኋችሁ አይደለም።

ደግሞ የፍጥነት መለኪያውን ራዳር እንዲህ አታምልኩት። መልማዮች ራዳር ይዘው ይመጣሉ፣ እውነት ነው፣ በር የሚከፍተው ፍጥነት ነው። ግሬግ ማደክስ ግን በፍጥነት የሚያስፈራ ሰው አልነበረም። ኳሷን የፈለገበት ያኖራት ነበር። ከ1992 እስከ 1995 በተከታታይ አራት ጊዜ የሳይ ያንግን፣ የዓመቱን ምርጥ ፒቸር ሽልማት፣ ወሰደ፤ በሥራ ዘመኑ ሁሉ 355 ጨዋታ አሸነፈ። በ23 ዓመት ውስጥ በነፃ ወደ ቤዝ ያሳለፋቸው መቺዎች ሺህ አይሞሉም፣ 999 ናቸው። ጄሚ ሞየር ደግሞ አለ። ፈጣኑ ኳሱ ከ80 ማይል ብዙም አያልፍም ነበር፣ የዛሬ ሃይስኩል ልጅ ይበልጠዋል። በ1992 ቡድኑ አሰናብቶት "አሠልጣኝ ብትሆን ይሻላል" ተብሎ ነበር። እምቢ ብሎ ቀጠለ። በኤፕሪል 2012 ለኮሎራዶ ወርውሮ ሲያሸንፍ 49 ዓመቱ ነበር፣ በሜጀር ሊግ ጨዋታ ያሸነፈ በዕድሜ ትልቁ ፒቸር ሆነ። ቼንጅአፕ፣ ፈጣን መስሎ ዝግ የሚለውን ውርወራ፣ ተማሩ። የሚታጠፉት ውርወራዎች፣ ከርቭና ስላይደር፣ እስክትጠነክሩ ይቆዩ።

ስለ ገንዘቡ አጭር ልበል፣ እናቶቻችሁ ይጠይቁኛልና። ድራፍቱ ዛሬ 20 ዙር ነው፣ 30 ቡድን። ከሚመረጡት አብዛኞቹ ሜጀር ሊግን ሳያዩ ይመለሳሉ። በማይነር ሊግ ሌሊቱን በአውቶቡስ ነው የምታድሩት። በ2023 የማይነር ሊግ ተጫዋቾች የመጀመሪያው የጋራ ስምምነት ሲፈረም በላይኛው እርከን፣ ትሪፕል ኤ የሚባለው ላይ፣ ዝቅተኛው ክፍያ በዓመት 35,800 ዶላር ሆነ። ከዚያ በፊት የነበረውን ባትሰሙት ይሻላል። አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ ሜጀር ሊግ ላይ በ2025 ዝቅተኛው 760,000 ዶላር ነበር። እዚያ 43 ቀን የተመዘገበ ሰው የጡረታ መብት ያገኛል። ስለዚህ ያን 43 ቀን ለመሙላት ሲሉ ሕመማቸውን የደበቁ ሰዎች አሉ፣ አልፈርድባቸውም። እናንተ ግን 15 ዓመታችሁ ነው። የምትደብቁበት ምክንያት የላችሁም።

ኮሌጅን በተመለከተ ከወላጆቻችሁ ጋር ነኝ። ግቡ። ሦስተኛ ዓመት ስትጨርሱ ድራፍቱ ይጠብቃችኋል፣ ስትራስበርግን ያገኙትም እዚያ ነው። ክርኑ እምቢ ብሎት የተመለሰ ልጅ የጀመረው ትምህርት ሲኖረውና ሳይኖረው ፊቱ ላይ ያለው ልዩነት ይታየኛል።

አሁን ወደ ተግባሩ። ሜጀር ሊግና የአሜሪካ ቤዝቦል ማኅበር በ2014 ያወጡት የዕድሜ መመሪያ አለ። 11 እና 12 ዓመት በቀን ከ85 ውርወራ አይበልጥም። ከ13 እስከ 16 ዓመት 95፣ ከዚያ በላይ እስከ 18 ዓመት 105። በዓመት ቢያንስ አራት ወር ከውርወራ ማረፍ ያስፈልጋል፣ ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስቱ ተከታታይ ይሁኑ። ያን ጊዜ ቅርጫት ኳስ ተጫወቱ፣ ሩጡ፣ ከአባታችሁ ጋር ኳስ ጠልዙ፣ ደስታውን አትችሉትም። በአንድ ጨዋታ ፒቸርም ካቸርም (ኳስ ቀላቢም) አትሁኑ። ሁለት ቡድን ከያዛችሁ ደግሞ፣ እዚህ አገር ይሄ በሽታ ሆኗል፣ የአንዱ አሠልጣኝ ቅዳሜ ለሌላው ስንት እንደወረወራችሁ አያውቅም። ሄዳችሁ ቁጥሩን ንገሩት።

ስትነግሩት ደግሞ "ትንሽ ይሰማኛል" አትበሉ፣ እሱን ማንም ይለዋል። "ኮች፣ ክርኔ ውስጠኛው በኩል፣ ኳሷን ስለቅ ይወጋኛል፣ ከማክሰኞ ጀምሮ" በሉት። ቦታውን፣ መቼ እንደሚያማችሁና ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ። እንዲህ የነገራችሁትን ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ቡድን ቀይሩ።

አንድ ደብተር ግዙ። ስልክም ይሆናል፣ እኔ ደብተር ስለምወድ ነው። የወረወራችሁበትን ቀን፣ ስንት እንደወረወራችሁ፣ በማግስቱ ጠዋት ጥርሳችሁን ስትቦርሹ ክንዳችሁ ምን እንዳላችሁ ጻፉ። እንደኔ ያለ ሰው ጋ የመጣችሁ ዕለት እሱን ይዛችሁ ኑ። በደብተሩ የመጣ ልጅ እናቱን ዞሮ ማየት አያስፈልገውም፣ እኔም ፊቱን አይቼ ከመገመት እድናለሁ።